ሰፊ መነጽር ለጠባብ ስፍራ

ማናቸውም መሣሪያ የተሠራበት ጉዳይ አለው። መጥረቢያ ለእንጨት፥ ማረሻ ለእርሻ፥ ብርዕ ለብራና ተሠርቷል። መሣሪያውን ከጉዳዩ ያራቀ ሠራተኛ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን የድካሙን ዋጋ አያገኝም። ይህ ነገር በእደ ጥበብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን በፎቶግራፍ ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። ጉዳያቸው ከተዘነጋባቸውም መሣሪያዎች አንዱ በግራና በቀኝ፥ በላይና በታች ያለውን ባንድ ጊዜ አቅፎ የሚያሳየው ሌንስ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሰፊ መነጽር እንለዋለን።

ስለዚህ መነጽር የተለመደው አስተሳሰብ፥ ሰፊ ነገር ለማንሣት ሰፊ መነጽር ያስፈልጋል የሚል ነው። ከተማ ሰፊ ነው፤ ተራራም ሰፊ ነው፤ እንግዲያውስ ከተራራ ላይ ሆኖ ከተማን ለማንሣት ሰፊው መነጽር ይሻላል ይባላል። አባባሉ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የዚህ ሂስ ዓላማ ግን ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን በማስረጃ ማሳየት ነው። ሰፊ መነጽር የተፈጠረው ለሰፊ ስፍራ ሳይሆን ለጠባብ ስፍራ ነው። የዚህም ማስረጃ በሩቅ አገር ሳይፈለግ፥ በመዲናችን ሰሜን ምሥራቅ ወገን፥ ከእንጦጦ ተራራ እስከ የካ ኮረብታና እስከ መገናኛ ባለው ምድር ላይ ይገኛል።

እንጦጦ ፎቶግራፍ አንሺን የሚያጓጓ ስፍራ መሆኑን ማንም አይክድም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ሳትቆረቆር የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በዚያ ነበረ፤ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ካሜራ ወይም ስልክ ያልያዘም የለም። ከዚያ ሆኖ በሰፊ መነጽር የሚነሣውን ሥዕል አንባቢ በየቀን መቁጠሪያውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳያየው አይቀርም። ከሥዕሉ ግማሹ ሰማይ ነው። ከቀረውም አብዛኛው በግርጌ ያለ ሣርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በመካከል እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መሥመር ይታያል፤ ያም ክር አዲስ አበባ ነው ይባላል። ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ በገዛ ሥዕሏ ላይ እንግዳ ሆና ስትቀር፥ ለማጀቢያ የቆመው ሣር ባለቤት ይሆናል።

የዚህ ምክንያቱ የአንሺው ስንፍና አይደለም፤ የመነጽሩ ጠባይ ነው። ይህንም ለመረዳት ስለ ካሜራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

እዚህ የምንነጋገርበት ካሜራ ባለ ወናፉ ግዙፍ ካሜራ ነው። በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቆማል፤ ከፊቱ መነጽሩ፥ ከኋላው የደበዘዘ መስታወት አለ፤ በሁለቱ መካከል እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጥቁር ከረጢት ይገናኛል። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በመስታወቱ ላይ የተገለበጠውን ሥዕል ይመለከታል፤ ሲያበቃም በመስታወቱ ስፍራ ፊልሙን ያገባል። ፊልሙ እንደ ጥቅል ሳይሆን እንደ ወረቀት አንድ አንዱ በቅጠል የሚገባ ነው። የተለመደው መጠን 4 በ5 ኢንች፥ ማለት 10 በ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ የሚሆንም አለ። ይህ ዐይነት ካሜራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች እስከ መቅደላ ድረስ ይዘውት ዘልቀዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ የመኳንንቱንና የከተማይቱን መልክ ያቆዩልን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው።

በ4 በ5 ኢንች ካሜራ ላይ እንደ ዐይናችን በመጠኑ የሚያሳየው መነጽር ርዝመቱ 150 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፊ የሚባለው 90 ሚሊ ሜትር፥ እጅግ ሰፊ የሚባለው 65 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚታየው ስፍራ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ነገር ግን ያንሳል። ሒሳቡ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። የነገሩን ቁመት በመነጽሩ ርዝመት አብዝቶ በርቀቱ ማካፈል ነው። ቁመቱ 200 ሜትር የሆነ ሕንፃ ከእንጦጦ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቆም፥ በ90 ሚሊ ሜትር መነጽር በፊልሙ ላይ የሚያርፈው መልኩ ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ የከተማይቱ ታላላቅ ሕንፃዎች ከስንዴ ቅንጣት ያነሱ ሲሆኑ፥ ተራው መኖሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት። ከአንሺው እግር ሥር ያለው ቁጥቋጦ ግን ሜትር ከማይሞላ ርቀት ላይ ስለ ሆነ የሥዕሉን ሲሶ ይወስዳል። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንደሚባለው፥ ሁሉን ለመያዝ የወጣው መነጽር ከሁሉም የሚረባውን ሳይዝ ይመለሳል።

ከእንጦጦ ከተማን ማንሣት አይገባም ማለታችን ግን አይደለም። መንገዱ ሌላ ነው ማለታችን ነው። በተራ መነጽር ወይም ከተራው በረዘመ መነጽር፥ ካሜራውን ከቆመበት ሳያነሡ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ሦስት ወይም አራት ሥዕል ማንሣትና ጎን ለጎን ማጋጠም ይሻላል። በዚህ ዘዴ ስፋቱም ይገኛል፥ ሕንፃውም በመጠኑ ይታያል። በአገራችን ሰማይ ላይ ይህን የመሰለ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል። ኢጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ከአውሮፕላን ያነሧቸው ሥዕሎች፥ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፥ ሦስቱ ወደ ጎን ያዘነበሉ ሆነው፥ አራት አራት እየሆኑ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል። ስፋቱን ያገኙት በአንድ ሰፊ ዐይን ሳይሆን ባንድ ጊዜ በተከፈቱ በአራት ዐይኖች ነበር። ከ8,000 በላይ የሆኑት እነዚህ ሰሌዳዎች በኢትዮጵያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ እነርሱ ጥናት ታትሟል፤ ተመራማሪዎችም የዚያን ዘመን ደንና እርሻ ከዛሬው ጋር ያመዛዝኑባቸዋል። ለወራሪ ጉዳይ የተነሣ ሥዕል ለባለ አገሩ ምስክር ሆኖ ሲገኝ፥ በደንብ የተነሣ ፎቶግራፍ ከአንሺው ሐሳብ አልፎ እንደሚያገለግል ያስረዳል።

ሰፊው መነጽር የተፈጠረበትን ጉዳይ ለማወቅ ደግሞ የራሱን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብሬሽት ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ የሕንፃ ሰው በቬትስላር ከተማ ያለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሲለካ ከከፍታው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያም በኋላ ሕንፃን በገመድ ተንጠልጥሎ ከመለካት ይልቅ ፎቶግራፉን አንሥቶ በሥዕሉ ላይ መለካት ይቻላል የሚል ሐሳብ መጣለት። ችግሩ ግን የአውሮፓ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በቤቶች ተከበው ስለሚቆሙ ወደ ኋላ ለመራቅ ስፍራ አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ ለመጀመሪያው የልክ ካሜራው ኤሚል ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1865 የሠራውን ፓንቶስኮፕ የተባለ ሰፊ መነጽር መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1885 በበርሊን የተቋቋመው የፕሩሲያ መንግሥት የፎቶግራፍ ልኬት መሥሪያ ቤትም እርሱ የመሠረተው ነው። መሥሪያ ቤቱ ወርዱም ቁመቱም 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመስታወት ሰሌዳ ላይ የአገሩን ሕንፃዎች መዘገበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የፈረሱትን ለመጠገን ከእነዚህ ሰሌዳዎች ልክ ተወስዷል። እንግዲህ ሰፊው መነጽር ወደ ሙያ የገባው ወደ ኋላ መራቅ የማይችል ሰው ስላስፈለገው ነው።

ይህ የልኬት ትምህርት ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም ከመጡት ጀርመናውያን አንዱ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ኋላ የዚያው የልኬት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። የቡድኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1913 በአራት ጥራዝ ታተመ። ይህን መጽሐፍ የሚመለከት ሰው የሚያስተውለው ነገር፥ ፎቶግራፉና የመሐንዲሱ የልክ ንድፍ እርስ በርስ ሳይጣሉ አንዱ ሌላውን እየረዳ መቅረቡን ነው። ሥዕሎቹ ለማስደነቅ አይቸኩሉም። ሐውልቱ ሐውልት፥ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ፥ በ2005 ተመልሶ፥ በ2008 እንደ ገና የቆመው 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት፥ ከመወሰዱ በፊት ተሰብሮ ወድቆ የነበረበት ሁኔታ በዚያ ሥራ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። በእኛ አስተያየት የፎቶግራፍ ታላቅነት የሚለካው በእንዲህ ያለው አገልግሎት እንጂ በሰማዩ ቅላት አይደለም።

አሁን ከአክሱም ወደ የካ እንመለስ። ከመገናኛ በላይ በሚታየው ኮረብታ ላይ፥ በባሕር ዛፍ መካከል፥ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ትውፊት ወደ ጥንቱ የአክሱም ዘመን ያደርሰዋል፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግን ወደ 12ኛው ምእተ ዓመት ያቀርቡታል። የዘመኑን ነገር ለሊቃውንት እንተወውና፥ ለፎቶግራፍ አንሺ የሚያስፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በመገንባት ሳይሆን በመቀነስ ነው። ጠራቢው አለቱን ከዙሪያው እየፈለፈለ አውጥቶ ቤቱን በመካከል አስቀረ። ስለዚህ ቤቱን የሚመለከት ሰው ጀርባውን ወደ አለት አስጠግቶ ፊቱን ወደ አለት አድርጎ ይቆማል፤ ወደ ኋላ መራቅ የለም። ጣሪያው ተጎድቷል፤ በክረምት ዝናቡ ይገባበታል። ይህ ሕንፃ ከዓመት ወደ ዓመት እየተለወጠ ያለ ስለ ሆነ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ በልክ መመዝገብ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ስፍራ ሒሳቡ ይገለበጣል። አንሺው ከግድግዳው 4 ሜትር ርቆ መቆም ቢችልና ፊልሙን በቁመቱ ቢያቆመው፥ በተራው 150 ሚሊ ሜትር መነጽር ከግድግዳው ቁመት የሚያየው 3 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ90 ሚሊ ሜትር ግን ከ5 ሜትር በላይ፥ በ65 ሚሊ ሜትር ከ7 ሜትር በላይ ያያል። በእንጦጦ ላይ ከተማን ያሳነሰው መነጽር በዋሻ ሚካኤል ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳውን ሙሉ አድርጎ ያቀርባል። ከዚህም በላይ ሥዕሉ ለልክ ያገለግላል። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትክክል ፊት ለፊት ቆሞ ርቀቱ 4 ሜትር መሆኑ ከተመዘገበ፥ በ90 ሚሊ ሜትር መነጽር በፊልሙ ላይ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ መስኮት በእውነቱ 2 ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ ከማካፈልና ከማብዛት በቀር ሌላ ትምህርት አያሻም። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፥ በዚያም የሚሠራ ሰው ይኸው ሕግ ይገጥመዋል።

ከየካ ኮረብታ ወርደን መገናኛ ስንደርስ ጠባብነቱ መልኩን ለውጦ ይጠብቀናል። ስፍራው እንደ ስሙ የመንገዶች መገናኛ ነው። የቀለበት መንገዱ፥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የቀላል ባቡሩ መሥመር በዚያ ያልፋል፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ከአራት ኪሎ በቀበና፥ ከቦሌም እስከ መገናኛ ያሉት መንገዶች መልካቸው ተለውጧል። ስፍራው ለመኪና ሰፊ ቢሆንም ለፎቶግራፍ አንሺ ጠባብ ነው። ከአንድ ረጅም ሕንፃ ፊት 40 ሜትር ርቆ መቆም ከቻለ ዕድለኛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሕንፃ፥ ድልድይ ወይም የመኪና ጎርፍ ይጋርደዋል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ካሜራውን ወደ ላይ ማዘንበል ነው። ውጤቱንም እናውቀዋለን፤ ሕንፃው እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ላይ እየሾለ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

ባለ ወናፉ ካሜራ ለዚህ መድኃኒት አለው። ካሜራው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መነጽሩ ብቻ በፊት ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ከ40 ሜትር ርቀት 90 ሚሊ ሜትር መነጽር ቀጥ ብሎ ቢያይ ከካሜራው በላይ 27 ሜትር ያህል ብቻ ይታየዋል፤ በግርጌውም ያንኑ ያህል ለአስፋልት ይሰጣል። መነጽሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ግን ከላይ 40 ሜትር ያያል፥ የሕንፃውም ማዕዘን እንደ ቱንቢ ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ ግን አሮጌ መነጽር የሚገዛ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ዋና ነገር አለ። እያንዳንዱ መነጽር በካሜራው ጀርባ የሚጥለው ሥዕል ክብ ነው፤ ፊልሙም በዚያ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። ክቡ ለፊልሙ ልክ ብቻ ከሆነ መነጽሩን ከፍ ሲያደርጉት ማዕዘኑ ይጨልማል። እንግዲህ የሰፊ መነጽር እውነተኛ ሀብቱ የሚያሳየው ስፋት ብቻ ሳይሆን ከፊልሙ ውጭ የሚተርፈው ክብ ነው።

በዚህ መመዘኛ አሮጌዎቹን መነጽሮች ብንፈርድ ብዙዎቹ ከስማቸው ያነሱ፥ ጥቂቶቹም ከስማቸው የበለጡ ሆነው ይገኛሉ። ሽናይደር ከ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የሠራው 90 ሚሊ ሜትር አንጉሎን ትንሽና ቀላል ስለ ሆነ በመንገድ ለሚሠራ ይመቻል፤ ክቡ ግን 154 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ 4 በ5 ኢንች ፊልምን ከመሸፈን አልፎ ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ለዋሻ ሚካኤል ግድግዳ ሊበቃ ይችላል፥ ለመገናኛ ሕንፃ ግን አይሆንም። በ1950ዎቹ የመጣው ሱፐር አንጉሎን ክቡ ከ200 ሚሊ ሜትር ስለሚያልፍ ከላይ የተናገርነውን 3 ሴንቲ ሜትር ያለ ችግር ይፈቅዳል፤ ክብደቱ ግን ብዙ ነው። ፓውል ሩዶልፍ በሳይስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1890 ያወጣው ፕሮታር ከሁሉ የቀደመ ሽማግሌ ሲሆን፥ የሰፊው ዐይነት የብርሃን በሩ ጠባብ በመሆኑ በደበዘዘው መስታወት ላይ ሥዕሉን ለማየት ዐይን ያደክማል፤ 100 ዲግሪ ያህል አቅፎ ማሳየቱ ግን ዛሬም የሚያስመሰግነው ነው።

አሮጌ መነጽር ሁሉ በፀሐያችን ይሸነፋል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። በ1930ዎቹ መስታወትን በስስ ሽፋን መቀባት ከመጀመሩ በፊት የተሠራ መነጽር፥ ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር ከመቶ 4 ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ የተንጸባረቀውም በውስጥ እየተመላለሰ ሥዕሉን እንደ ጭጋግ ያለብሰዋል። ነገር ግን ፕሮታርም፥ እ.ኤ.አ. በ1892 ጎርስ ያወጣው ዳጎርም፥ ብዙ መስታወት በሁለት ወገን ተጣብቆ የተሠሩ ስለ ሆኑ እንዲህ ያለ ፊት ያላቸው አራት ብቻ ነው፤ ከመቶ 85 ያህሉን ብርሃን ያሳልፋሉ። ስምንት ፊት ያለው መነጽር ያለ ቅብ ቢሠራ ግን የሚያሳልፈው 72 ያህሉን ነበር። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታቸው በኮፍያ ወይም በካርቶን ጥላ ከተሠራላቸው እነዚህ ሽማግሌዎች በአዲስ አበባ ቀትርም አያሳፍሩም።

ሌላው የሰፊ መነጽር ሁሉ ድካም የዳር ጨለማ ነው። ብርሃን ወደ ፊልሙ ጥግ የሚደርሰው አግድም ተጉዞ ስለ ሆነ ይደክማል። ከመካከል 45 ዲግሪ በራቀ ጥግ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በመካከል ካለው ሩብ ያህል ነው። ጎርስ እ.ኤ.አ. በ1900 የሠራው ሃይፐርጎን 130 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚያሳይ በጥጉ የሚደርሰው ከሠላሳ አንድ እጅ ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሠሪው ከመነጽሩ ፊት እንደ ኮከብ ያለ ትንሽ ክንፍ አቁሞ በአየር እየነፋ እንዲሽከረከር አደረገው፤ ክንፉም መካከሉን በመጋረድ ጥጉ እስኪደርስበት ያስጠብቀዋል። ዛሬ ለዚህ መካከሉ የጠቆረ ማጣሪያ መስታወት አለ። በዋሻና በጉድጓድ ውስጥ ግን የዳሩ ጨለማ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ከላይ የሚገባውን የሰማይ ብርሃን ስለሚያበርደው ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ከመሣሪያው ይልቅ የአንሺው ጥፋት የሆነ አንድ ነገርም ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ሰፊ መነጽር ቀጥ ያለውን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ሲያሳይ፥ ክብ የሆነውን ነገር በዳር በኩል ይለጥጠዋል። 45 ዲግሪ ዳር ላይ ያለ ኳስ ርዝመቱ ከወርዱ በ1.4 እጥፍ በልጦ ይታያል፤ የሰውም ራስ እንደዚያው ነው። በበዓል ቀን ካህናቱንና ምእመናኑን በአንድ ረድፍ አሰልፎ በሰፊ መነጽር የሚያነሣ ሰው፥ በመካከል ያሉትን በመልካቸው፥ በዳር ያሉትን ግን ዱባ አስመስሎ ያስቀራቸዋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሰው በመካከል፥ ድንጋይ በዳር ይሁን። ሰውን ማክበር ከመነጽር ምርጫ ይጀምራል።

«ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስልክ ራሱ ሰፊ መነጽር ስላለው ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ስልኩን በመናቅ አይሰጥም። ለዕለት ማስረጃ ስልክ ይበቃል፤ እንዲያውም በየቀኑ የሚለወጠውን ለመከታተል ይሻላል። ነገር ግን የስልኩ ሥዕል የመነጽሩን ጉድለት በስሌት እያረመና እየለጠጠ የሚያወጣው ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ምን እንደ ተለወጠበት አያውቅም። የግዙፉ ካሜራ ፊልም ግን በአንድ መነጽር፥ በታወቀ ርዝመት፥ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያረፈ ስለ ሆነ፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ማስመሪያ ይዞ ሊለካው ይችላል። ደግሞም ይህ ካሜራ የሚያስገድደው ዝግታ ራሱ ትምህርት ነው። በቀን ስድስት ወይም ስምንት ቅጠል ብቻ የሚያነሣ ሰው የት መቆም እንዳለበት ሳያስብ አይከፍትም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ መነጽር ፍቅር ብቻ አይደለም። ከተማችን በፍጥነት እየፈረሰችና እየተሠራች ናት። መሠራቷን ማንም አይጠላም። ነገር ግን የሚፈርሰው ነገር ሳይፈርስ በልክ ካልተመዘገበ፥ ነገ ለሚጠይቀን ትውልድ የምናሳየው ከእንጦጦ የተነሣውን ያንኑ ግራጫ ክር ብቻ ይሆናል። በዚያ ክር ውስጥ የየትኛው ሰፈር ደጃፍ ምን ይመስል እንደ ነበር፥ የየትኛው ቤት በረንዳ እንዴት እንደ ተቀረጸ፥ የዋሻ ሚካኤል ዓምድ በየትኛው ዓመት እንደ ተሰነጠቀ ሊያነብ የሚችል የለም።

ስለዚህ ሦስት ወገን እናሳስባለን። ባለ ሥልጣኖች አንድ ሰፈር ወይም አንድ አሮጌ ሕንፃ ከመነሣቱ በፊት የልክ ፎቶግራፍ እንዲነሣለት፥ የመነጽሩ ርዝመትና የቆመበት ርቀትም በጀርባው እንዲጻፍ ቢያዝዙ፥ ወጪው ከሥራው ወጪ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። መምህራን ይህን ሒሳብ ከመጽሐፍ አውጥተው በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ቢያሠሩት፥ ተማሪው ማካፈልንና ማስተዋልን ባንድ ቀን ይማራል። ተማሪዎችም አሮጌ ሰፊ መነጽር ከእጃቸው የገባ እንደ ሆነ ወደ ተራራው ከመሮጥ በፊት በጠባቡ ስፍራ ይሞክሩት፤ በመተላለፊያው፥ በደረጃው ሥር፥ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፥ በአለቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቁሙበት። ከእንጦጦ ለሚያነሡትም ረጅሙን መነጽር ይዘው ይውጡ። ሰፊው መነጽር ወደ ኋላ ለመራቅ መንገድ ላጣ ሰው ተሠርቷልና፥ በየካ አለትና በመገናኛ ሕንፃዎች መካከል ሥራው እየጠበቀው ነው።